ጎጃም የትኛውን ይፍራ? የሩቅ ደሴቶች ጥናት፣ እምቦጭና የመሬት መንቀጥቀጥ

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወሬው ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ታኅሣሥ 26 ቀን በመጠን 5.8 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የሆኑ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዋሽ ፈንታሌ፣ ከዱለቻና ከአካባቢው ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ሰማይ ሄደ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ጎጃም ላይም ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መንቀጥቀጡ ወደ እኛ ይመጣል ወይ? ጣናን የገደበው እሳተ ገሞራ ነው ይባላል፤ አንድ ቀን ይነሳ ይሆን? ይህን ሁሉ ያመጣው የዓባይ ግድብ ነው የሚሉትስ እውነታቸውን ነው?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። ግን በዚያው ጊዜ ጣና ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። እምቦጭ የሚባለው አረም እንደ ልማዱ ክረምት ሲወጣ ተስፋፋ፣ በጋ ሲገባ ዳር ላይ ደረቀ፣ ዘሩን ጭቃ ውስጥ ትቶ ሄደ። ይህ ዜና አልሆነም፤ ለምደነዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ፍርሃታችንና ትኩረታችን ቦታ ተለዋውጠዋል የሚል ነው። ይህን ለማሳየት ጠቃሚው ማስረጃ ያለው ደግሞ ከጎጃም እጅግ በራቁ ደሴቶች ላይ በተደረገ ምርምር ውስጥ ነው።

ደሴት ለምን ይጠናል?

ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ተመራማሪ ወራት ሲከርም ለብዙዎች ቅንጦት ይመስላል። አይጥና ጥንቸል ለመቁጠር ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ይወጣል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደሴት ወሰኑ የታወቀ ቦታ ነው። ምን ገባ፣ መቼ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ምን ጠፋ የሚለውን ለይቶ ማየት ይቻላል። ሰፊው ምድር ላይ አንድ ወፍ ቢጠፋ ሰበቡ የደን ምንጣሮ ይሁን፣ ኬሚካል ይሁን፣ ድርቅ ይሁን መለየት ያስቸግራል። ደሴት ላይ ግን ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው።

ሌላው ምክንያት ጉዳቱ እዚያ ስለሚብስ ነው። ኢፕቤስ የተባለው የመንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰፊ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በሰው እንቅስቃሴ ከትውልድ ቦታቸው ወደ ሌላ አካባቢ የተወሰዱ ዝርያዎች ከ37,000 በላይ ናቸው ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ጎጂነታቸው የተመዘገበው ከ3,500 በላይ ናቸው። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የዝርያ መጥፋቶች 60 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ፣ ብቻቸውን ባይሆንም፣ ወራሪ ዝርያዎች እጃቸው አለበት። በዋናነት በእነሱ ምክንያት ከጠፉት ዝርያዎች ደግሞ 90 በመቶው የጠፉት ደሴቶች ላይ ነው።

ለምን ደሴት ላይ? የደሴት ፍጥረታት ብዙ ሺህ ዘመን ከአውሬ ተለይተው ስለኖሩ ነው። ወፉ መሬት ላይ ይፈለፍላል። አይጥ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አይሸሽም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ጉዋም አንድ የዛፍ እባብ በመርከብ ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ገባባት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ የደን ወፎቿ ከጫካው ጠፉ። እባቡ የመብራት መስመር ላይ እየወጣም ኃይል ያቋርጣል።

ደሴት ሲባል ግን ባሕር ብቻ መታሰብ የለበትም። ሥነ ሕይወት አዋቂዎች ከአካባቢው የተነጠለ ማናቸውንም መኖሪያ በደሴት ዓይን ያዩታል። በዚህ ዓይን ከታየ ጎጃም በደሴት የተሞላ ነው። የጮቄ ተራራ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጅብራ ቆላ ወርዶ አይበቅልም። በእርሻ የተከበበ የቤተ ክርስቲያን ደን ለውስጡ ዛፍና ወፍ ደሴት ነው። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ቃል በቃል ደሴቶች ናቸው። ጣና ራሱ ለዓሣው ደሴት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶታል። የሐይቁ ደለል ሲጠና ጣና ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሲመለስ ነው ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ገደማ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች የተለያዩበት። እንዲህ ያለ ሀብት አንዴ ከጠፋ ከየትም አይመጣም።

ማክዋሪ፦ ሁለቱ ጉዳዮች የተገናኙባት ደሴት

ወራሪ ዝርያንም የመሬት መንቀጥቀጥንም በአንድ ቦታ ላጥና ለሚል ተመራማሪ ከማክዋሪ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ወደ አንታርክቲካ አቅጣጫ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ ቢበዛ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ነፋስ የማያጣው ቦታ ነው። ቋሚ ነዋሪው ፔንግዊን፣ አልባትሮስና የባሕር ዝሆን ነው። ሰው ያለው የምርምር ጣቢያው ውስጥ ብቻ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር እንስሳ አዳኞች ወደ ደሴቱ መጡ። ከመርከባቸው አይጥና ድመት ወረደ። በ1870ዎቹ ደግሞ ለምግብ ይሆናል ብለው ጥንቸል ለቀቁ። ጥንቸሉ ተራባና ሳሩን እስከ ሥሩ ጋጠው። ተዳፋቱ ተራቆተ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1978 ጥንቸል የሚገድል ማይክሶማ የተባለ ቫይረስ ተለቀቀ። ከመቶ ሺህ በላይ የነበረው ጥንቸል በጥቂት ዓመታት ከ20,000 በታች ወረደ። እጽዋቱ ማገገም ጀመሩ።

ችግሩ ድመቶቹ ጋ ነበር። ጥንቸል ይበሉ የነበሩት ድመቶች ወደ ወፍ ዞሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ድመት የማጥፋት ሥራ ተጀመረ፤ የመጨረሻዋ ድመት በ2000 ተገደለች። ወፎቹ እፎይ አሉ። ጥንቸሉ ግን እንደገና አሻቀበ። በ2006 ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር እኩል ሆነ። በዚያው ዓመት ጥንቸል ያራቆተው ገደል በከባድ ዝናብ ተንዶ የፔንግዊን መራቢያ ላይ ወረደ።

እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተከራከሩ። አንደኛው ወገን ድመት መጥፋቱ ነው ጥንቸሉን ያበዛው አለ። አንዱን ወራሪ ነጥሎ ማጥፋት ሌላውን ይለቃል የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሌላው ወገን አልተቀበለውም። ጥንቸሉ ቫይረሱን እየተቋቋመ መጥቷል፣ ቫይረሱም በዚያው ጊዜ ማሰራጨቱ ቀርቷል፣ ድመቷ ላይ ብቻ አትፍረዱ አለ። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። አንድ ጉዳይ ላይ ግን ተስማሙ፦ ጥንቸል፣ አይጥና የቤት አይጥ ባንድ ላይ መጥፋት አለባቸው። ወደ 25 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተመደበ። በሄሊኮፕተር መርዝ ተረጨ፣ በውሻ ተፈለገ። መርዙ ያልታሰቡ ወፎችንም ከሁለት ሺህ በላይ ገድሏል፤ ይህ መደበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደሴቱ ከሦስቱም ነጻ መሆኑ ታወጀ። ሳሩ ተመለሰ፣ ወፎቹም ወደቀድሞ ጎጇቸው መጡ።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ማክዋሪ የተፈጠረው ከውቅያኖሱ ወለል ስር ነው። የአውስትራሊያና የፓስፊክ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚገፋፉበት ጠርዝ ላይ ስላለ፣ ከባሕር ወለል በታች 6 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የነበረ አለት እዚያ ከውሃ በላይ ወጥቶ ይታያል። ጂኦሎጂስት ሌላ ቦታ ቆፍሮ የማይደርስበትን እዚህ በእግሩ ይረግጠዋል። በዚያው ጠርዝ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2004 በመጠን 8.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሷል። የሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ዓለም ብዙም አላወራበትም። ቤት አልነበረ፣ ሰው አልነበረ።

ከዚህ ጋር እኛ አገር የሆነውን እናስተያይ። እ.ኤ.አ. በ1969 አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 ብዙም አይርቅም ነበር። በ1961 ካራ ቆሬ አካባቢ ደርሶ ማጀቴን ያወደመውም ከማክዋሪው በብዙ ያንሳል። በመጠን አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ በ6 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍ ነው። ሆኖም ትልቁ ማንንም ሳይጎዳ አለፈ፣ ትንሹ ከተማ አፈረሰ። የአደጋ ሊቃውንት ክስተቱንና ተጋላጭነትን ለያይተው የሚያዩት ለዚህ ነው።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም

የሕዝብ ወሬ ውስጥ የሚደበላለቅ አንድ ጉዳይ አለ። መጤ ዝርያ ማለት ከሌላ ቦታ በሰው እጅ የመጣ ማለት ነው። ወራሪ መጤ የሚባለው ከመጤዎቹ ውስጥ በራሱ ተስፋፍቶ ጉዳት የሚያደርሰው ብቻ ነው። የጎጃም ገበሬ ጎተራ የሚሞላው በቆሎ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ድንችና በርበሬም እንደዚሁ። እነዚህን ወራሪ ብሎ የሚጠራ የለም።

ባህር ዛፍ ላይ ክርክር አለ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የማገዶና የቤት ሥራ እንጨት ጭንቀትን አቃለለ። ምንጭ ያደርቃል፣ ከጎኑ እህል አያስበቅልም የሚል ቅሬታም ተከተለው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚወስነው የት ተተከለ የሚለው ነው።

አዊ ያለው ዲከረንስ የበለጠ አስተማሪ ነው። ፋግታ ለኮማና አካባቢው ያለው ገበሬ ይህን የአውስትራሊያ ግራር መሬቱ ላይ ተክሎ፣ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ ሸጦ፣ ቦታውን መልሶ ያርሰዋል። የደከመ አሲዳማ መሬት አገገመ፣ ሰው ቤት ሠራ፣ ልጅ አስተማረ። ደቡብ አፍሪካ ይኸው ዛፍ በወራሪነት ተመዝግቧል። አዊ ላይ ግን የኑሮ መሠረት ሆነ። ከዚያ ባለፉት ዓመታት በሽታ መጣ። ቅጠሉን የሚያቃጥል፣ ስንዴ ላይ ከምናውቀው ዋግ ጋር የሚቀራረብ ፈንገስ ችግኙን ጨረሰው።

ይህ ከደሴቶቹ ጥናት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንድ ተክል አዲስ አገር ሲገባ ጠላቶቹን ትውልድ አገሩ ትቷቸው ይመጣል። በፍጥነት የሚያድገው አንድም በዚህ ነው። ግን ጠላቱ አንድ ቀን ሊከተለው ይችላል። ፈንገሱም መነሻው አውስትራሊያ ነው። አንድ ቀበሌ ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከተከለ፣ ሲመጣ ሁሉንም ይወስዳል። በ2009 ዓ.ም. የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም በበቆሎ ላይ ያሳየን ይህንኑ ነው።

እምቦጭ፦ ጊዜን የሚበላ አረም

እምቦጭ የአማዞን ተፋሰስ ተክል ነው። አበባው ስላማረ በጌጥነት ዓለምን ዞረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቆቃና አዋሽ ላይ መኖሩ ከታወቀ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኗል። ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በብዛት የያዘው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን፣ ማለትም ደንቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ነው።

የአረሙ ጉልበት በአረባቡ ላይ ነው። ከእናቲቱ ጎን ልጅ ያወጣል፣ ልጁ ይገነጠላል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ሙቀትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ የያዘውን ስፋት እጥፍ ያደርጋል። ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። አንድ ሄክታር የነበረ በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል በአምስት ወር ውስጥ ከ1,000 ሄክታር ይበልጣል። በተግባር ነፋስ፣ ቅዝቃዜና የውሃው መውረድ ያግደዋል። ያም ሆኖ ሒሳቡ አንድ ነገር ያሳያል፦ መጀመሪያ ላይ የሚባክን አንድ ወር መጨረሻ ላይ ከሚባክን አንድ ዓመት ይከፋል። በእጅ ቢነቀልም ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ያ ድካም ከንቱ አልነበረም፤ ብዙ ቦታ ተጠርጓል። ሆኖም ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ ያኔ አልፎ ነበር። አረሙ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ማሽኖችም መጡ፤ ማሽን ግን ነዳጅ፣ መለዋወጫና ወደ ዳር የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የመስክ ሥራውን ይበልጥ አከበደው።

ስለ መፍትሔው ባለሙያዎቹ አንድ ሐሳብ የላቸውም። አንዳንዶቹ አረሙን ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ ይለቀቅ ይላሉ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለቃው፣ በአሥርት ዓመቱ ማብቂያ አረሙ በብዙ ቀንሷል። ሌሎች ደግሞ ውጤቱን ሁሉ ለጢንዚዛው አትስጡት ይላሉ፤ በ1997 እና 98 የመጣው የኤልኒኞ ማዕበልና ደመናማ አየር አረሙን ሰባብሮታል። ቪክቶሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,134 ሜትር ነው፤ ጣና 1,786። ጢንዚዛው ብርድ አይወድም። ስለዚህ እዚያ የሠራው እዚህ በዚያው ፍጥነት ይሠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ኬሚካል የሚሉም አሉ። ዓሣውን፣ የመጠጥ ውሃውንና የዳር ነዋሪውን ለሚያስብ ይህ የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለበት።

ጎጃም በኩል ያለው ሰው እምቦጭ የጎንደር ዳርቻ ችግር ነው ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ነው፤ መነሻው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ከጎጃም ማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ በእሱ በኩል ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ የሚበላው ያንን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። አረሙን ከላይ እየነቀሉ ምግቡን ከታች መቀለብ ማክዋሪ ላይ ድመቷን ብቻ እንደማጥፋት ነው። ሜጫና ሰከላ ላይ የሚሠራ እርከን የእምቦጭ መከላከያም ነው። ይህ ግንኙነት ሲነገር ብዙም አይሰማም፤ መነገር ግን አለበት።

የሚጎዳውም የታወቀ ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚይዘው አጥማጅ መረቡን መዘርጋት ያቅተዋል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቦታውን ይነጠቃል። የሩዝና የግጦሽ መሬት በአረም ይሸፈናል። ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ጀልባ መንገድ ያጣል።

ጎጃም ይንቀጠቀጣል ወይ?

የኢትዮጵያ መሬት የሚንቀጠቀጠው በዋናነት ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ ስለሆነ ነው። ምዕራቡ የኑቢያ ሰሌዳ ነው፣ ምሥራቁ የሶማሊያ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል። ግን መሬቱ በየቀኑ እኩል አይላቀቅም፤ ዘመናት ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ይለቃል። አንዳንዴ ደግሞ ማግማ፣ ማለትም ከምድር ሆድ የሚወጣ ቅልጥ አለት፣ ወደ ላይ ሳይፈነዳ በስንጥቁ ወደ ጎን ሰርጎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር የተከፈተው እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፋን መካከል የሆነውንም የሳተላይት ራዳር ያሳየው የዚህ ዓይነት ሰርጎ መግባት አድርጎ ነው።

ጎጃም ያለው በኑቢያ ሰሌዳ ላይ፣ ከስምጡ ውጭ ነው። ደጋው የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ነው። ጮቄም እሳተ ገሞራ ነበር፤ ግን የ22 ሚሊዮን ዓመት ያህል አሮጌ ነው። ፈንታሌ ከደብረ ማርቆስ 280፣ ከባሕር ዳር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ 6.0 ሲሆን እዚህ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ንቅናቄ ሊሰማው ይችላል፤ ቤት የሚያፈርስ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ዜና ላይ የምንሰማው አንድ ነገር ይጣራ። ብዙ ጊዜ «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል» ይባላል። ሳይንቲስቶች ዛሬ ለትልልቅ መንቀጥቀጥ የሚጠቀሙበት ሌላ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ተቀራራቢ ስለሆነ ስሙ ቀረ። ዋናው ነገር መጠንና ጥንካሬ መለያየታቸው ነው። መጠን እንደ አምፖል ዋት ነው፤ የትም ቆመህ ብታየው አይለወጥም። ጥንካሬ ግን ብርሃኑ አንተ ጋ ሲደርስ ያለው ድምቀት ነው፤ በራቅህ ቁጥር ይደበዝዛል። ባሕር ዳር ያለ ሰው 6.0 የሚለውን ቁጥር ሰምቶ መደንገጥ የለበትም።

ጣናስ? እውነት ነው፣ ሐይቁ ያለበት ረባዳ ቦታ የምድር ቅርፊት በተሰነጠቀባቸው ስብራቶች መገናኛ ላይ ነው። ውሃውንም በደቡብ በኩል የገደበው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ጥቁር አለት እሱ ነው። ጉማራ አካባቢ ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃም ምድሩ ከስር ሙቀት እንዳለው ይናገራል። ይህ ሁሉ ግን በቅርቡ ይነሳል ማለት አይደለም። በሰው ታሪክ ጣና ላይ የተመዘገበ ፍንዳታ የለም። ፈንታሌ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ቅልጥ አለት አፍስሷል።

ይህ ማለት ጎጃም ምንም አያሰጋውም ማለት አይደለም። በባሕር ዳር ፎቆች እየበዙ ነው። በሚገባ ያልታሰረ ብረት፣ የሳሳ ኮንክሪት፣ ምሰሶው የቀጠነ ምድር ቤት ለመካከለኛ ንቅናቄም ይሸነፋል። የአገሪቱ የሕንጻ ኮድ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት ክፍል አለው፤ የሚጎድለው መቆጣጠሩ ነው። የዓባይ በረሃ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መካከል ያለው መንገድም በዝናብ ብቻ ሲንሸራተት የኖረ ተዳፋት ነው። ትንሽ መንቀጥቀጥ እዚያ ከከተማው ይልቅ ሊከብድ ይችላል።

ግድቡ ነው ያንቀጠቀጠው?

ይህ ጥያቄ ግብጽ ሚዲያዎች ላይ ሲነሳ ቆይቶ እኛም ዘንድ ገብቷል። ሙሉ በሙሉ ባዶ ወሬ ነው ብሎ ማጣጣል ትክክል አይደለም፤ የውሃ ማጠራቀሚያ መሬት ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። ውሃው በክብደቱ ይጫናል፣ በስንጥቅ ሰርጎ በመግባትም የተጣበቁ አለቶችን ያላላል። ሕንድ ውስጥ ኮይና ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 በመጠን 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ሰው ገድሏል። ግብጽም ራሷ በ1981 ናስር ሐይቅ ስር ባለው የካላብሻ ስብራት ላይ አይታዋለች፤ ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ግን ርቀቱን እናስተውል። እነዚህ ሁሉ የደረሱት ከማጠራቀሚያው ስር ወይም አጠገቡ ነው። ብዙ የተከራከሩበት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የቻይና ዌንችዋን መንቀጥቀጥ እንኳ ለተጠረጠረው ግድብ በጣም ቅርብ ነበር። ፈንታሌ ከሕዳሴ ግድብ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መካከሉ ላይ የጎጃምና የሸዋ ደጋ አለ። የውሃው ግፊት ይህን ሁሉ አቋርጦ ደጋውን ሳይነካ ስምጡ ላይ ብቻ የሚሠራበት መንገድ የለም። ዳባሁ የተሰነጠቀው የግድቡ ግንባታ ከመጀመሩ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ሰርዶና ካራ ቆሬም ከግድቡ አሥርት ዓመታት ይቀድማሉ።

ተገቢው ጥያቄ ሌላ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሊይዝ በሚችለው በራሱ ሐይቅ ዙሪያ ትንንሽ ንቅናቄ ይኖራል ወይ? ይህን ለማወቅ እዚያው ቅርብ የሆኑ የመለኪያ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ መረጃቸውም ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ወሬን የሚያቆመው ይህ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከባዶ አትነሳም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን ነው። አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ለቅመው አሰባስበዋል። ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያም ማክዋሪን ከመሰሉ ደሴቶች ላይ ካሉ መሰሎቹ ጋር ይናበባል። አንድ መንቀጥቀጥ የት እንደደረሰ በትክክል የሚታወቀው ከየአቅጣጫው የሚሰማ ጆሮ ሲኖር ነው። ውቅያኖስ መካከል ያለች ሰው የሌለባት ደሴት ለፈንታሌም ጆሮ ናት።

መንቀጥቀጥ ዝርያ ሲያጓጉዝ

ሁለቱ ጉዳዮች በቀጥታ የተገናኙበት አጋጣሚም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን በመጠን 9 በሆነ መንቀጥቀጥ ተመታች። ሱናሚው የወደብ ቁርጥራጭ፣ ጀልባና ፕላስቲክ ጠርጎ ወደ ውቅያኖስ ወሰደ። በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ያ ፍርስራሽ በሃዋይና በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ሲደርስ፣ ተመራማሪዎች በላዩ 289 የጃፓን ዝርያዎች በሕይወት አገኙ። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የተጓዙት ፕላስቲክና ፋይበርግላስ ላይ ተጣብቀው ነው። ድሮ የሚንሳፈፈው እንጨት ስለነበር መንገድ ላይ ይበሰብስ ነበር። መንቀጥቀጡን ያመጣው ተፈጥሮ ነው፤ ዝርያዎቹን ያሻገራቸው የማይበሰብሰው የሰው ዕቃ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። መሬት መቼና የት እንደሚንቀጠቀጥ አስቀድሞ መናገር የሚችል ሰው ዛሬ የለም። እችላለሁ የሚል ካለ አትመኑት። የሚቻለው በደንብ መገንባትና መለካት ነው። ወራሪ ዝርያ ግን በሰው መንገድ ይመጣል፤ በጀልባ፣ በመረብ፣ በችግኝ፣ በማሽን ጎማ። መንገዱ ከታወቀ በር ላይ መያዝ ይቻላል።

ለጣና በሮቹ የታወቁ ናቸው። ከሰሜኑ ዳርቻ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመጣ ጀልባና መረብ ታጥቦና ደርቆ እንዲገባ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጎጃም ዳርቻ ቀበሌዎች በበጋ፣ አረሙ ዳር ላይ ደርቆ በሚታይበት ጊዜ፣ አዲስ የበቀለውን ለይተው ቢነቅሉ ሥራው የጥቂት ሰዎች ነው። ክረምት ከገባ በኋላ የሺዎች ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የዓባይ መውጫ ነው። ከዚያ ያለፈ አንድ ተክል በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ የጎጃምን ሸለቆ ዞሮ፣ ከጣና ይልቅ ከሚሞቀው የቆላው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሊደርስ ይችላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ አረሙ የበለጠ ይፈጥናል፤ ዳርቻውም ለእጅ ሥራ አይመችም። ስለዚህ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቅ የአረም መያዣና ቋሚ ሠራተኛ መመደብ፣ ግድቡ ሐይቅ ላይ ኋላ ከሚደረግ ማናቸውም ዘመቻ በፊት መቅደም አለበት።